ካሜራን ባሕር ውስጥ የመቅበር ጥበብ

በካሊፎርኒያዋ ሃውቶርን ከተማ ለሚኖር ሐበሻ ከፌርፋክስ ይልቅ ባሕሩ ይቀርበዋል። ያም ሆኖ ቅዳሜ ሲደርስ መኪናው ወደ ፌርፋክሱ ሊትል ኢትዮጵያ ይታጠፋል። እርስዎ ግን ዘንድሮ ስኩባ ተምረው፣ የውሃ ውስጥ ቪዲዮ ካልቀረጽኩ ብለው ቆርጠው ተነሥተዋል። ልምድ የለኝም ብለው አይስጉ። ከዚሁ ከተማ የወጡት የቢች ቦይስ ዘፋኞች በማዕበል መንሸራተትን እየዘፈኑ ዓለምን ሲያስጨፍሩ፣ ከቡድኑ በእርግጥ የሚንሸራተተው ከበሮ መቺው ዴኒስ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ካሜራውን ይግዙ። ውሃ የማያስገባው ሳጥን፣ ሃውዚንግ የሚሉት፣ በኋላ ይታሰብበታል። ሳጥኑ የሚሠራው ለአንድ ሞዴል ተለክቶ ስለሆነ፣ ማንም ሳጥን ያልሠራለትን ካሜራ መርጠው ከገዙ ግማሹን ሥራ ጨረሱ ማለት ነው። ሁሉ ነገሩ በስክሪን ንክኪ የሚታዘዝ ቢሆን ይመረጣል፤ ሳጥን ውስጥ ከገባ ወዲያ ጣትዎ አይደርስበትምና።

ሻጩ ስለ ዙም ሲያወራ በአንክሮ ያዳምጡት። የዚህ አገር የባሕር ዳርቻ ውሃ አረንጓዴና ብናኝ የበዛበት ስለሆነ፣ ከሩቅ በዙም የሚቀርጽ ሰው ዓሣውን ሳይሆን በመሃል ያለውን ድፍርስ ይዞ ይመለሳል። ሰፊ ሌንስ ይዘው ክንድ እስኪቀር የሚጠጉ ጠላቂዎች ጥርት ያለ ምስል ያገኛሉ። ይተዋቸው፣ ትዕግሥት የሌላቸው ሰዎች ናቸው።

ጥልቀትን የሚናገር ቁጥር ካዩ ይዝለሉት። የቅርብ ዓመታት ጎፕሮ ያለ ሳጥን እስከ 10 ሜትር፣ ከራሱ ሳጥን ጋር እስከ 60 ሜትር ይወርዳል ይላሉ። በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት እንደሚጨመርና 30 ሜትር ላይ ከላይኛው አራት እጥፍ እንደሚሆንም ይነግሩዎታል። «ውሃ አያስገባም» የሚለው ጽሑፍ ለእርስዎ በቂ ነው።

ኦሪንጓን በተመለከተ ግን ሰፋ አድርገን እንምከርዎ። በክዳኑ ዙሪያ የተጋደመችው ይህች ቀጭን ላስቲክ ሥራዋ እንደ ኩከር ጎማ ነው፤ ውድ ካሜራዎን ከውቅያኖሱ የምትለየውም እሷው ብቻ ናት። ስለዚህ ይናቋት። ሳጥኑን ሬዶንዶ ቢች አሸዋው ላይ ተቀምጠው ይክፈቱት፣ ነፋስ ያለበት ቀን ከሆነ ደግሞ እሰየው። አንዲት ፀጉር ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ክዳኑ ሥር ከገባች ሌላ ጥረት አያስፈልግም። ሲሊኮን ቅባት ስስ አድርገው ይቀቡ ቢሉዎት ይለድፉት፤ ሲበዛ አሸዋውን ጥርቅም አድርጎ ይይዝልዎታል። ካሜራውን ሳያስገባ ባዶ ሳጥን ነክሮ አረፋ የሚጠብቅ ጥንቁቅ ሰው ካዩ ይሳቁበት። ደግሞስ ብዙ መጥለቅ ምን ያደርጋል? ጥልቀቱ ላስቲኳን ራሱ ተጭኖ ያጣብቃታል፤ ብዙው ፍሳሽ የሚጀምረው ገና ከላይ፣ ውሃው ወገብዎ ጋ እያለ ነው።

መብራት አይግዙ። ከገዙም ልክ ሌንሱ አናት ላይ ይትከሉት፤ ብናኙ ሁሉ ፊት ለፊት በርቶ ካታሊና ደሴት ላይ በረዶ ሲዘንብ የቀረጹ ይመስላሉ። ወደ ጎን ዘርግተው የሚያበሩት ይህ አይገጥማቸውም። እየጠለቁ ሲሄዱ ቀዩ ቀለም ቀድሞ ይጠፋል፣ ብርቱካናማው ይከተላል። ጋሪባልዲ የተባለው፣ ካሊፎርኒያ የግዛቷ የባሕር ዓሣ ያደረገችው ደማቅ ብርቱካናማ ፍጥረት፣ ያለ መብራት ሲቀረጽ እንግዶችዎ የዝዋይ ቆሮሶ ነው ብለው ይከራከሩዎታል። ማስተካከያ ፊልተር ካሻዎት ቀዩን ይምረጡ። እሱ የሚያገለግለው እንደ ቀይ ባሕር ላለ ሰማያዊ ውሃ ነው፤ ለአረንጓዴው ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ነበር የሚሻለው።

ከባሕር ሲወጡ ሳጥኑን በንጹሕ ውሃ አይለቅልቁት። ጨው እንደለበሰ የመኪናው ኮፈን ውስጥ ይርሱት። አዝራሮቹ ደርቀው አልጫንም ካሉ ማስታወቂያ ያውጡና «አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራበት» ብለው ይሽጡት፤ ማንም ዋሽተሃል አይልዎትም።