የእናቶች ፊትም ፊት ነው

ዕድሜ ሃምሳን ሲሻገር ፓውደር ፊት ላይ አልቀመጥ ይላል። ጠዋት ሲቀቡት ያማረ ይመስላል። ረፋድ ላይ ከዓይን ሥርና ከአፍንጫ ግራና ቀኝ ባሉት መስመሮች ገብቶ ይሰነጣጠቃል። ቀትር ላይ ደግሞ፣ አገሩ የወሎ ቆላዋ ሐርቡ ነውና፣ ላቡ ጠርጎ ወደ አገጭ ያወርደዋል። በዚህ ነገር ያልተማረረች የእኔ ዘመን ሴት እስካሁን አላጋጠመችኝም። አስተማሪዋም፣ ነጋዴዋም፣ ከቤት የማትወጣዋም ሰርግ ላይ ስንገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ ወሬያችን ይኸው ነው። ምን ትቀቢያለሽ? የት አገኘሽው? አንቺስ አይሰነጠቅብሽም?

ሰርግን ካነሳሁ አይቀር የልብ የልቤን ልናገር። የሰርግ ወራት ሲመጣ ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ቦርሳዋን ይዛ ከኮምቦልቻ ወይም ከደሴ ትመጣለች። ሙሽሪትን ትሠራለች፣ ሚዜዎቹን ትሠራለች። የሙሽሪት እናት ተራ የሚደርሳት መኪናው ውጭ ክላክስ ማድረግ ሲጀምር ነው። ያኔ ልጅቱ በዚያው ስፖንጅ፣ በዚያው ለሃያ ዓመት ልጅ በተቀባው ወፍራም ፋውንዴሽን የእናትየዋንም ፊት ትመርገዋለች፤ ከላይ ፓውደር ትነሰንስበታለች። «እናቴ፣ ቆዳሽ ደረቅ ነው ወይስ ወዛም?» ብላ የምትጠይቅ የለችም። ፊቱ ታጥቦ፣ ቅባት ጠጥቶ፣ ትንሽ አርፎ መቀባት እንዳለበት ለእናት ሲሆን ይረሳል። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፊቱ ነጣ፣ አንገቱ ጠይም። በፍላሽ ሲነሱማ ጭራሽ ይብሳል፤ አንዳንዱ ፓውደር የፍላሽ ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ ስለሚያንጸባርቀው ግንባርና የዓይን ሥር ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሰርጉ በአንድ ቀን ያልፋል፤ አልበሙ ግን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ይገለጣል።

ሌላው የሁላችንም ጣጣ ልብሱ ነው። ሒጃብ የምታደርገው ማታ ፈትታ ስታየው አገጭ ሥር ያለው ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ታገኘዋለች። ነጠላ የምትለብሰውም ያንኑ እድፍ ጥለቱ ላይ ታገኘዋለች። በሳሙና ታሽቶ ቶሎ አይለቅም፤ ቅባት ነዋ! በዚህ ላይ ካረጥን ወዲህ የሚመጣው ድንገተኛ ወበቅ አለ። ሰው መሐል ቁጭ ባልንበት ከደረት ተነስቶ ወደ ፊት ይወጣና በደቂቃ ውስጥ ያጠምቀናል። ለዚህ የታሰበበት መዋቢያ ገበያችን ውስጥ የት አለ?

ነገሩ የሰነፍ ቅብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ቆዳው ራሱ ተለውጧል። ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን ከወጣትነት ማብቂያ ጀምሮ በዓመት 1 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ሴት ካረጠች በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ደግሞ እስከ 30 በመቶው ሊጠፋ እንደሚችል የቆዳ ሐኪሞች ይናገራሉ። ኤስትሮጅን ሲቀንስ ወዝ የሚያመነጩት ዕጢዎችም ይዳከማሉ። ፓውደር የተሠራው ወዝ ለመምጠጥ ነው። ወዝ የሌለው ፊት ላይ ሲያርፍ ያለችውን ጥቂት እርጥበት ይጠጣና ቆዳውን ያደርቀዋል፤ ከዚያ መስመሩ ሁሉ ተቆጥሮ ይታያል። በሠላሳ ዓመታችን ያሳመረን ዕቃ ዛሬ የሚያስረጀን ለዚህ ነው። ይህን ለሴቶች የሚነግር ሻጭ ግን አላየሁም።

ከውጭ የሚመጣው ምክርም ቢሆን ግማሽ መንገድ ቀርቶ ነው የሚደርሰን። ወሬው ሁሉ ሽብሽብ፣ ሽብሽብ ነው። ጠይም ቆዳ ሜላኒኑ ከፀሐይ ስለሚከላከልለት መጨማደዱ ይዘገያል። እኛን ቀድሞ የሚያስለቅሰን ማድያቱ ነው፤ ጉንጭና ግንባር ላይ፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ የሚወጣው ጥቁር ጥላ፤ ከዚያም የፊት ቀለም መዥጎርጎር። ብዙዎቻችን ገና በእርግዝና ጊዜ የጀመረንን ይዘነው እዚህ ደርሰናል። ሙቀትም ያባብሰዋል። ስንት ዘመን ምጣድ ላይ ጎንበስ ብለን እንጀራ እንደጋገርን ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስደንቀውም።

ማድያት ላለባት ሴት ሱቅ ውስጥ የሚጠብቃት ነገር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ፋውንዴሽን ፈልጋ ገብታ የቆዳ ማቅያ ይዛ ትወጣለች። «እማዬ፣ ይሄን ይሞክሩት፤ በሳምንት ያፈካዎታል» ይላታል ልጁ፣ እጁ መደርደሪያው ላይ እንዳለ። እውነትም በሳምንት ያፈካል፤ መዘዙ ኋላ ነው የሚመጣው። ከእነዚህ ክሬሞች ብዙዎቹ ሃይድሮኪኖን፣ ሜርኩሪ፣ ወይም እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለባቸው ናቸው። ስቴሮይዱ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ለወራት ሲቀቡት ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ደም ሥሩን ያወጣዋል፣ ፊት ላይ ብጉርና ፀጉር ያበቅላል፤ ሲያቆሙት ፊቱ ይነድዳል። የሃምሳና የስድሳ ዓመት ቆዳ ድሮም ሳስቷል፤ ይህን እንዴት ይሸከም? ሃይድሮኪኖንም ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ለማጥፋት የተገዛበትን ጥቁረት መልሶ አክፍቶ ሊያመጣው ይችላል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡ መዋቢያዎች ውስጥ ሃይድሮኪኖንን አግዳለች። ሜርኩሪን የሚመለከተው የሚናማታ ስምምነትም ቆዳ ማቅያዎችን ለይቶ ያነሳል። እኛ ዘንድ ግን ክሬሙ ከብስኩትና ከባትሪ ድንጋይ ጎን ተደርድሮ ይሸጣል፤ ገዢዎቹም አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ጠይም ሆና ተወልዳ፣ ጠይም ሆና ተድራ፣ ልጆቿን አሳድጋ፣ በስድሳ ዓመቷ ቅይ እያሉ የሚሸጡላት።

ለቀለማችን የሚሆን ፋውንዴሽን ዓለም ላይ የለም እንዳይባል ደግሞ አለ። የአገራችን ልጅ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የኤስቴ ላውደር የውበት አምባሳደር ሆናለች፤ ከእሷ በፊት ለዚህ የተመረጠች ጥቁር ሴት አልነበረችም። ሪሃና እ.ኤ.አ. በ2017 ፌንቲ ቢዩቲን ስትጀምር ፋውንዴሽኑን በ40 ዓይነት ቀለም ነበር ያወጣችው። እኛ ጋ የሚደርሰው ካርቶን ሲከፈት ግን ሁለት ሦስት ዓይነት ነው፤ ሁሉም ለፈረንጅ የሚቀርብ። ጠይሟ፣ የቀይ ዳማዋ፣ ብስል ቀይዋ፣ ጥቁሯ ሁላችንም ከዚያች አንድ ቀለም ተካፈሉ እንባላለን።

ፀሐዩስ? ሐርቡ ስለምትሞቅ ፀሐይ የሚጎዳ እዚህ ብቻ ይመስለናል፤ ደሴ ስንወጣ ጦሳ ተራራ ሥር ብርዱ ሲነካን ፊታችንን እንረሳዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ናት፤ ሐርቡ ከኮምቦልቻም ዝቅ ብላ ቆላው ላይ ናት። ብርዱ ሰውነትን ያቀዘቅዛል እንጂ ጨረሩን አይቀንሰውም። ስለዚህ የፀሐይ መከላከያ ለሁላችንም ያስፈልጋል። ግን በምን አቅም? በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከተከለከሉት 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል መዋቢያዎች ነበሩበት። ክልከላው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ተነሳ፤ በዚያው ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሆነና ዋጋው ወደ ላይ ሄደ። አንዷ ቱቦ ዛሬ የቤት አስቤዛ ትነካለች። አብቃቅተን ስንገዛት ደግሞ ውስጧ ያለው ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ጠይም ፊት ላይ አመድ የተነፋ ይመስላል። ቀለም የተቀላቀለበት ቢመጣልን ሁለት ነገር በአንድ ይሸፍንልን ነበር፤ ለፊታችን ይቀርባል፣ ውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ደግሞ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይቀንሳል። እሱ ግን በአካባቢያችን ብርቅ ነው። የቀረልን ጃንጥላና የሻሽ ጥላ ነው፤ እነሱንም አልንቃቸውም፣ በደንብ ይሠራሉ።

ከብዙ ልፋት በኋላ እርስ በርሳችን ተነጋግረን የደረስንበት መላ ይኸው ነው። ፊትን ለብ ባለ ውኃ መታጠብና ሳይደርቅ፣ እርጥበቱ እንዳለ፣ ግሊሰሪን ያለበት ቅባት መቀባት። ቆዳዋ ደረቅ ለሆነች ቫዝሊን በስሱም ይበቃል። ከዚያ ቁርስ እስኪቀርብ ድረስ መተው። ፋውንዴሽኑ ክሬም ዓይነት ቢሆን ይሻላል፤ በረጠበ ስፖንጅ፣ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ብቻ፤ ማድያቱ ላይ መታ መታ፣ ሌላውን መተው። ፓውደር ግንባርና አፍንጫ ላይ ትንሽ፣ ዓይን ሥር በፍጹም። የሚያብረቀርቅ የዓይን ቀለም የረገበ የዓይን ቆብን ያጎላዋልና ደብዘዝ ያለው ይመረጣል። ሊፕስቲክ በከንፈር ዙሪያ ባሉት ጥቃቅን መስመሮች እንዳይፈስ ቀድሞ በእርሳስ መክበብ። የሳሳ ቅንድብም በአንድ ወፍራም መስመር ከሚሰመር በአጫጭር ጭረት ቢሞላ ያምራል። መስታወቱን ደግሞ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን። ይህን ሁሉ ማንም ባለሙያ አልነገረንም።

ኩልን በተመለከተ ቅሬታዬ ለየት ይላል፤ የምወደው ነገር ስለሆነ። ወሎ ውስጥ ዓይን ያልተኳሉበት በዓል ምን በዓል ነው? ነገር ግን በየገበያው በጥቅል ወረቀት የሚሸጠው ኩል ምን እንደሆነ አይታወቅም። ብዙ ቦታ ኩል የሚዘጋጀው ጋሌና ከሚባለው የእርሳስ ማዕድን ነው፤ እርሳስ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም መርዝ ነው፤ አሜሪካ ኩልን በመዋቢያነት እንዳይሸጥ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። ካረጡ በኋላ ዓይንም ይደርቃል፤ የውስጡ ጠርዝ ላይ የገባ ኩል ቀኑን ሙሉ ይቆረቁራል። ከዚያም የቅርቡን ለማየት መቸገር አለ። ለመኳል መነጽር ማውለቅ አለብኝ፤ ካወለቅኩ አይታየኝም። የእኩዮቼ ሁሉ ችግር ይኸው ነው። አሁን ብዙዎቻችን በመኳያ ፔንስል ከላይ፣ በውጭ በኩል፣ ልጅ ወይም ምራት እያገዘችን ነው የምንኳለው።

«የድሮው አይሻልም? ወይባ ሙቂ፣ ቅቤ ተቀቢ» የሚለንም አለ። ወይባ ጢስ እወዳለሁ፤ ገላን የሚያለሰልሰውን፣ ሽታው በልብስ ውስጥ የሚቀመጠውን ማን ይጠላል? እንሶስላውም ለእጅና ለእግር ደግ ነው። ነገር ግን ወይባ ለገላ እንጂ ለፊት አይደለም፤ ወበቅ ለሚያጠቃት ሴትም ተጨማሪ ሙቀት መከራ ነው፣ ማድያት ላለባት ደግሞ ክልክል ቢባል ይሻላል። ቅቤም የፀሐይን ጨረር አያቆምም።

ከሁሉ የሚያደክመው ግን የሰው አፍ ነው። ተቀብተን ብንወጣ «ካረጁ አይበጁ» ይሉናል። ሳንቀባ ብንወጣ «ምነው ታመምሽ? ምን ነካሽ?» ይሉናል። በሃምሳና በስድሳ ዓመቷ ፊቷን አስተካክላ ሰርግ መሄድ የምትፈልግ ሴት ማንንም አልበደለችም። ወጣት ልምሰል አላለችም። የራሷን ፊት መስላ፣ ቀለሟ ከአንገቷ ጋር ገጥሞ፣ ሳይሰነጣጠቅባት መዋል ነው የፈለገችው።

ሱቆቹ ደግሞ ይስሙን። ክሬሙን በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ላይ አትደርድሩት፤ ይበላሻል፣ የምንከፍለው ግን ሙሉ ዋጋ ነው። ማስካራና ፋውንዴሽን ላይ የተከፈተ ዕቃ ምስል ውስጥ 6 ወይም 12 የሚል ቁጥር አለ፤ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ወር ማለት ነው፣ ለገዢው ንገሩት። አገጫችን ላይ ሞክረን በር ላይ እንድናየው ፍቀዱልን። ጠይሙን ለምን አታመጡም ስንል «አይሸጥም» ትሉናላችሁ። ያልመጣ ዕቃ እንዴት ይሸጥ? አምና ከኮምቦልቻ አንዲት ጠይም ፋውንዴሽን መጥታ ነበር፤ በመጣች በሳምንቷ አለቀች። ከዚያ ወዲህ ተራ በተራ እየገባን እንጠይቃለን፤ መልሱ እስከ ዛሬ «ታዟል» ነው።