ስሜንን የማሳነሻ ዘዴ

የስሜን ተራሮች ከልክ በላይ ትልቅ ናቸው። ራስ ደጀን ብቻውን ከባሕር ወለል ከ4,500 ሜትር በላይ ይቆማል፤ ገደሉም ቁልቁል ያየውን ሰው ጉልበት ያንቀጠቅጣል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው እንኳ «ትንሽ ዝቅ በሉ» ያላቸው አልተገኘም። ስለዚህ ኃላፊነቱ በእርስዎና በካሜራዎ ላይ ወድቋል። ተራራን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ማሳነስ ብዙ ድካም የለውም፤ የሚከተለውን ምክር ሳያዛንፉ መፈጸም ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት እንቅልፍዎን ያክብሩ። ጎሕ ሲቀድ ወደ ጨነቅ ገደል አፋፍ የሚሮጡትን አይከተሉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ ከጎን ስለምትመጣ ሸንተረሩን ሁሉ በጥላ ትለያየዋለች፤ የፊተኛው ጠቁሮ፣ የኋለኛው ነጣ ብሎ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው በጭጋግ ሳስቶ ተራራው ጥልቀት ያወጣል። ይህ ለዓላማችን እንቅፋት ነው። ቁርስዎን በልተው፣ ቡናዎን እስከ በረካ ጠጥተው ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ብቅ ይበሉ። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ ጉሙ ከፈቀደልዎም ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከሄዱ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት። በእነዚያ ቀናት የስሜን ፀሐይ በቀትር ልክ አናት ላይ ስለምትሆን የቆመ ሁሉ ጥላውን ከእግሩ ሥር ይደብቃል፤ ሸንተረሩም እንደ ተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ ይሆንልዎታል።

ቀጥሎ፣ ጥቁርና ነጭ ማለት ቀለሙ የጠፋ ባለቀለም ፎቶ ነው ብለው አጥብቀው ይመኑ። ልብዎ በቀይ አፈርና በአረንጓዴ ሣር ሲፈነድቅ ያኔውኑ ያንሱ፤ ቀለሙን ቤት ገብተው ያጥፉት። ዓይንዎ አጥርቶ የለያቸው ሁለቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሲደባለቁ ያያሉ። «ይህ በግራጫ ምን ይመስላል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ የአሜሪካዊው ፎቶ አንሺ የአንሴል አዳምስ አመል ነበር። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1927 ዮሴሚቲ ውስጥ ሃፍ ዶም የተባለውን ቋጥኝ መጀመሪያ በቢጫ ማጣሪያ አነሳው። ሰማዩ የልቡን ያህል እንደማይጠቁር ስለገባው በእጁ በቀረችው የመጨረሻ የመስታወት ፕሌት ላይ ጠቆር ባለ ቀይ ማጣሪያ ደገመው። ቀይ ማጣሪያ ሰማያዊ ብርሃን ያግዳልና ሰማዩ ወደ ጥቁር ሄደ፤ ቋጥኙም ከጥቁሩ ፊት ወጥቶ ገዘፈ። የአንዲት ቁራጭ ማጣሪያ መዘዝ ይኸው ነው! እርስዎ ሰማዩንና ድንጋዩን እኩል ግራጫ አድርገው ይተዉ። በዲጂታል የሚሠሩ ከሆነም ሰማያዊውን ብቻ ለይቶ የሚያጠቁረውን የፎቶ ማስተካከያ እጅዎ እንዳይነካ።

አድማሱን በተመለከተ ፍትሕ ይከበር፤ ልክ ከመሃል ይሰንጥቁት። ሰማይም ምድርም እኩል ድርሻ ካገኙ ማንም አይቀየምዎትም፣ ማንም ደግሞ ምን ሊያሳዩት እንደፈለጉ አያውቅም። አዳምስ በዚህም አድሏዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በኸርናንዴዝ መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ ሲያነሳ ከፎቶው ግማሽ በላይ የሚሆነውን ለጥቁር ሰማይ ሰጥቶ፣ መንደሯንና የመቃብሩን ነጫጭ መስቀሎች ከታች አስቀመጣቸው። ያን ሁሉ ባዶ ቦታ ሰጥቶ፣ ሰው ዓይኑን ከትንሿ ጨረቃ እንዳይነቅል አደረገ።

ሌንስን ስንመርጥ ሰፊውን እንምረጥ። ሰፊ ሌንስ ሩቁን ያሳንሳል፤ ግማሽ ሥራችንን እሱው ይሠራልናል። ችግሩ ቅርቡን ማግዘፉ ነው፤ ስለዚህ ከፊት ምንም አያስገቡ። ከሰው ቁመት በላይ የተመዘዘ የጅብራ አበባ ቢያዩ ጎንበስ ብለው ከተራራው ፊት አያቁሙት። ጭላዳዎች አፋፍ ላይ ከተቀመጡም እስኪሄዱ ይጠብቁ፤ ትንሽ ነገር ከትልቅ አጠገብ ሲቆም የትልቁን ልክ ያሳብቃል። በተረፈ የፎቶውን ጠርዝ መመርመር ተጠራጣሪነት ነው። አብሮዎት የወጣው የፓርኩ ጠባቂ የጠመንጃው አፈሙዝ በግራ በኩል ብቅ ካለ ይተዉት፤ ደህንነትዎ እንደተጠበቀ ያስረዳል።

በመጨረሻ ፎቶውን ትልቅ አድርገው ያሳትሙና ሳሎን ይስቀሉት። እንግዳዎ «ይህ ከሱሉልታ በላይ ያለው ጉብታ አይደለም?» ካለ እጁን ይጨብጡት፤ ዘዴው ሠርቷል። «ቀለም ቢኖረው ያምር ነበር» ካለም ደስ ይበልዎ። ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «እዚህ ቦታ በምን ይኬዳል?» ብሎ ከጠየቀ ግን ከላይ ካሉት ምክሮች አንዱን ጥሰዋልና የትኛውን እንደሆነ ለማንም አይንገሩ፤ ሰው ሰምቶ ይከተልዎታል።