ጫማ የእኛ ዘርፍ አይደለም

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዋጫ ላይ ወርጄ፣ የጫማዬን ጭቃ እንኳ ሳልጠርግ ለስብሰባ ተጠራሁ። ቤተ ክርስቲያኑን በስም አልጠራውም፤ ንግሡ በየዓመቱ አለ፣ እኔም መመለሴ አይቀርም። የተጠራሁት በወጣትነቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበርሁ ነው። በእኛ አገር ፋይል የተሸከመ ሁሉ ሕግ ያውቃል።

አጀንዳው አንድ ነበር፤ ለሚያዝያው ንግሥ መሣሪያ የታጠቀ የበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ ማቋቋም። ሐሳቡን ያመጣው ወጣት ዳላስ ያለች አክስቱ የላከችለትን ቪዲዮ በስልኩ እያሳየ ነበር። ነገሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ቴክሳስ ውስጥ፣ ኋይት ሴትልመንት በምትባል ከተማ፣ አንድ ሰው በአምልኮ መሐል ጠመንጃ አውጥቶ ሁለት ምእመናን ገደለ፤ የዚያው ቤተ ክርስቲያን በጎ ፈቃደኛ በሰከንዶች ውስጥ ተኩሶ ጣለው። «እኛስ ከማን እናንሳለን?» አለ ወጣቱ።

ክርክሩ ወዲያው ወንጌል ውስጥ ገባ። አንድ ሽማግሌ የጴጥሮስን ሰይፍ አነሡ። ሌላው፣ ያ ሰይፍ የማልኮስን ጆሮ ከቆረጠ በኋላ ወደ ሰገባው እንዲመለስ መታዘዙን አስታወሷቸው። ከኋላ የተቀመጠ ዲያቆን፣ «ጆሮውን መልሶ የሚተክል አብሮን ካለማ ምን ቸገረን፣ እንታጠቅ» አለ። ስብሰባው ላይ ከተነገረው ሁሉ ሕግ የሚሸተው ይህ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የመሣሪያ ቆጠራ ሆነ። አንድ የአያት ምንሽር ተገኘ፤ ጥይቷ ሁለት ናት፣ አንደኛዋ ለሠርግ ቃል ተገብታለች። ሌላው «ከአጎቴ ክላሽ እበደራለሁ» አለ፤ ልክ ጋቢ እንደሚበደር። እዚህ ላይ ጸሐፊነቴ ተነሣብኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ለተመዘገበው ባለቤት እንጂ ለዘመድ አዝማድ አይደለም አልኋቸው። በጎ ፈቃድና የመሣሪያ ፈቃድ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ ቢሮ አይሰጣቸውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ራስንም ሌላውንም መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መከላከሉ ከአደጋው ጋር ይመጣጠን ይላል። ሻማ የሰረቀን በምንሽር ማባረር አይመጣጠንም።

«ታዲያ ሌባ ሲገኝ እጃችንን አጣጥፈን እንይ?» አለ ክላሽ ሊበደር ያሰበው። አይደለም። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 መሠረት፣ ከሦስት ወር ባላነሰ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም ተራ ዜጋ ሊይዘው ይችላል፤ ከያዘው በኋላ ሳይዘገይ ለፖሊስ ያስረክባል። ጠመንጃም መታወቂያም አይጠየቅም። ይህን ስነግራቸው ቤቱ ቀዘቀዘ። ማንም የሚችለውን ለማድረግ ማን በጎ ፈቃደኛ ይሆናል?

ወጣቱ ተስፋ ሳይቆርጥ ወደ ቴክሳስ መለሰን፤ እኔም ተከተልሁት። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የእነሱ ሕግ በእርግጥ የቤተ ክርስቲያን በጎ ፈቃደኞች ያለ ጥበቃ ሠራተኛ ፈቃድ እንዲጠብቁ ያደርጋል። ግን «ጥበቃ» የሚል ባጅ፣ ፖሊስ የሚያስመስል ዩኒፎርም እንዳይለብሱ ይከለክላል። ተሰብሳቢው ትንፋሹን ዋጠ።

«ባጅ የለም?»

«የለም።»

«ፊሽካስ?»

«ስለ ፊሽካ ዝም ብሏል።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የቴክሳስን ስም ያነሣ የለም። ጠመንጃው ያለ ድምፅ ቆጠራ ወደቀ፤ ባጁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ዋጫ ያለችበት ካፋ እንኳ ድሮ በዘበኝነት የሚታማ አገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1897 ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ እስኪማረኩ ድረስ መንግሥቱ በጥልቅ ቦይና በበር ታጥሮ የኖረ ነው፤ እንግዳ በሩ ላይ ቆሞ ፈቃድ ይጠብቅ ነበር። የበሩ ጠባቂዎች ሰደርያ ስለመልበሳቸው ግን ያነበብሁት የለም።

የንግሡ ዕለት ማለዳ ሃያ አራት በጎ ፈቃደኞች ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው ተሰለፉ። ዋና አስተባባሪ አለ፣ ምክትል አለ፣ የፍተሻ ዘርፍ፣ የመረጃ ዘርፍ፣ የሎጂስቲክስ ዘርፍ ኃላፊዎች አሉ፤ ኃላፊ ያልሆኑት ሁለት ሲሆኑ እነሱም አኩርፈው ነበር። የመገናኛ ሬዲዮ አንድ ተገኘ፤ ጓደኛው ስለሌለ የሚያዳምጠው አልነበረም፤ ያም ሆኖ ዋናው አስተባባሪ ቀኑን ሙሉ ሲያናግረው ዋለ። ፊሽካው ከቅዳሴው ደወል በልጦ ተሰማ።

በሩ ላይ ያ የስብሰባው ወጣት ዳበሰኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አሠራር ነው» አለኝ። ኪሴ ውስጥ የነበረችውን መነጽር አወጣ፣ አገላብጦ አየ፣ መለሰልኝ። ከእሱ ጥቂት አለፍ ብሎ ከድሮ ጀምሮ ያሉት ሽማግሌ ዘበኛ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እሳቸው ማንንም አይፈትሹም፤ የእያንዳንዱን ሰው እናት ያውቃሉ። በዚያ ቀን ግን ሰደርያ ስላልደረሳቸው ከጫማ ማውለቂያው ተነሥተው ወደ ጓሮ እንዲጠብቁ ተመድበው ኖሯል።

ቅዳሴው አልቆ ስወጣ ጫማዬ የለም። ሶሌው አዲስ ነበር። አጠገቤ አንዲት እናት ጃንጥላቸውን ይፈልጋሉ፤ ዝናቡ ደግሞ የካፋ ዝናብ ነው፣ ሰዓት አይጠይቅም። በጎ ፈቃደኞቹ ከዋርካው ሥር ተደርድረው ፎቶ ይነሣሉ። ወጣቱን ጠርቼ ነገርሁት። አዘነልኝ፣ ከልቡ ነው፤ ከዚያም ባጁን አስተካክሎ፣ «ጋሼ፣ ጫማ የእኛ ዘርፍ አይደለም፤ እኛ የተቋቋምነው ለጦር መሣሪያ ነው» አለኝ።

ሽማግሌው ዘበኛ ከጓሮ መጥተው እግሬን አዩ። ምንም ሳይሉ ገብተው አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ አመጡልኝ፤ ሁለቱም የግራ ነበሩ። ሁለቱን ግራዎች አድርጌ መውጫው ላይ ስደርስ ፊሽካ ተነፋብኝና እንደገና ተፈተሽሁ።