ስለ ዓመታዊው ዳገት የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ሞአ ዳገት ዘእምነገደ ኮልፋክስ፣ ሥዩመ ባልንጀሮቹ፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ የተመረጠ (ድምፁም የራሱ የሆነ)፣ የዓመታዊው ዳገት ሊቀ መንበር፤ በዴንቨርና በኦሮራ ለምትኖሩ፣ ከዲሲና ከሲያትልም ለምትመጡ አብሮ አደጎቻችን ሁሉ ይድረስ። እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ከጉልበታችን በቀር ደህና ነን።

የእግር ኳሱ ፌስቲቫል ካለፈ በኋላ፣ ፍልሰታ ከመግባቷ በፊት ባለው ቅዳሜ ወደ ቢርስታት ተራራ እንዘምታለን። ካቻምና በጾሙ መሀል ወጥተን ግማሹ ሽሮ፣ ግማሹ ጥብስ ቋጥሮ መጣና ጫፍ ሳንደርስ በሁለት ማዕድ ተከፈልን። የጥብሱ ሽታ ወደ ሽሮው ወገን ሲነፍስ የነበረውን ዝምታ ያየ ያውቀዋል።

ተራራው 4,287 ሜትር ነው። የፈራ ካለ ይስማ፤ የኮሎራዶ ቁንጮ የሆነው ኤልበርት እንኳ 4,401 ሲሆን የእኛው ራስ ዳሸን ከ4,500 ያልፋል። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ተቀምጣ «የማይል ከፍታ ከተማ» እያለች ትፎክራለች፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ሆና መች አፏን ከፈተች? ይሁን እንጂ ከእንግዲህ «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» የሚል የአራት ሰው ውሃ ተሸክሞ ያስመስክር። አምና ይህን ሦስት ጊዜ የተናገረው ወንድማችን ከመኪና ማቆሚያው ሁለት መቶ እርምጃ ሳይርቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተገኝቷል። ውሃ ያጠጣው የዲሲው እንግዳ ነው። የዲሲ ሰዎች ግን በዚህ እንዳትኩራሩ፤ አየሩን እንድትለምዱ ሁለት ሌሊት ኦሮራ ታድራላችሁ። በሁለቱ ሌሊት የምትበሉት ክትፎ ዳገቱ ላይ ቢከብዳችሁ ተጠያቂው ጋባዡ አይደለም።

መነሻ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 4 ተኩል መሆኑ ነው። ሁለቱም የተጻፈው በምክንያት ነው። አምና «5 ሰዓት» ብለን ብንጠራ ግማሹ ጎህ ሳይቀድ ደረሰ፤ ግማሹ ረፋድ ላይ ድፎ ዳቦ ታቅፎ ከች አለ። ሁለቱም ወገን በሰዓቱ ነው የተገኘው፤ ጠቡ እስከ ዛሬ ያልበረደውም ለዚሁ ነው። ነገሩ ቀልድ አይደለም። በዚህ አገር በሐምሌ ከቀትር በኋላ ተራራው ላይ መብረቅ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ከጫፉ መውረድ ግድ ነው። መብረቅ በሐበሻ ቀጠሮ አይመጣም።

መኪና የምናቆመው ጓኔላ በር ላይ ነው፤ ከፍታው 3,557 ሜትር ሲሆን ጣርማ በርን የምታውቁ እሱን አስቡ። ከዚያ ደርሶ መልስ 11 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ነው። መጀመሪያ ቁጥቋጦ የሞላበት ረግረግ አለ፤ በላዩ ጣውላ ተነጥፏል። ከሠርግ ቤት በቀጥታ የመጣው ባልንጀራችን የቆዳ ጫማው ሶል ተገንጥሎ የቀረው እዚያ ጣውላ ላይ ነው። አብረውን በወጡት እትዬ የራስ ሻሽ ጠፍረን አሰርንለትና ቀይ አበባ የታተመበት እግሩን እየጎተተ ወጣ። ሻሹ አልተመለሰም፤ እትዬም አልረሱትም። ዘንድሮ ጫማ ይመረመራል።

ጀበና፣ ከሰልና እጣን ይዞ መምጣት ተከልክሏል። በደረቅ በጋ እዚህ የእሳት እገዳ ይታወጃል፤ የእኛ አዋጅ ደግሞ ከመንግሥት አዋጅ በታች ነው። ቡና በፔርሙዝ ይመጣል፤ ቶናው፣ በረካው ሁሉ ከዚያው ይቀዳል። ዛፍ ከሚያልቅበት ከፍታ በላይ የአገር ቤት ፖለቲካ ማንሳትም ክልክል ነው፤ ያለችን አየር ለመተንፈስም አትበቃ።

በመጨረሻም አንድ ያልተፈታ ጉዳይ አለ። አብዛኞቻችን ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት አጉብጧቸው የሚወርዱ እናቶችን እያየን ያደግን ነን። ዳገት በፈቃዱ የሚወጣ፣ ለዚያውም ዱላ በዶላር ገዝቶ፣ ያኔ አላየንም። አምና አንዱ ጫፍ ላይ ሆኖ አገር ቤት ደወለና «እማዬ፣ ተራራ ላይ ነኝ!» አለ። እማማም ደንግጠው፦

«ምነው ልጄ፣ ከብት ጠፋብህ?»

መልስ አጥቶ «አየሩ ከበደኝ» ብሎ ዘጋው። እኛም ዓመቱን ሙሉ ተሰብስበን ለጥያቄው የሚሆን መልስ አላገኘንም። ስለዚህ መልሱ እስኪገኝ ድረስ ከተራራው ጫፍ ወደ እናት ስልክ መደወል ክልክል ነው።