ከቪትዝ የሚረዝም ድምፅ

በመጀመሪያ በጉን ያስቡ። የቪትዝዎን የኋላ ኮፈን ለሰብዉፈር ሊሰጡ ከቆረጡ፣ ለፋሲካ የሚገዛው በግ በምን ተጭኖ ጀሞ እንደሚደርስ ከወዲሁ በቤተሰብ ጉባኤ መወሰን አለበት። ከልጆቹ ጋር የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ከቀረበ በድምፅ ብልጫ ይጽደቅ፣ ቃለ ጉባኤም ይያዝ። ኩንታል ጤፉ፣ ውሃ ሲጠፋ የሚሞላው ጀሪካን፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጡት አክስትዎ ሻንጣ ሁሉም የቆየ ይዞታቸውን ይለቃሉ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለልማት ሲባል መነሣት እንግዳ ነገር አይደለም። ምትክ ቦታ ማዘጋጀት ግን የእርስዎ ፋንታ ነው።

ይህ ካላስቆመዎት ብርቱ ሰው ነዎትና ወደ ሥራው እንግባ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይረዱ፤ የሚሠሩት ለራስዎ አይደለም። በ40 ኸርዝ የሚርገበገብ የቤዝ ድምፅ የአንዱ ማዕበል ርዝመት ስምንት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ቪትዝዎ ደግሞ ከፊት መብራቷ እስከ ኋላ ታርጋዋ አራት ሜትር አትሞላም። «ታዲያ እንዴት ይሰማኛል?» ብለው አይስጉ። ማዕበሉ የሚዘረጋበት ቦታ ባያገኝም የመኪናዋ አየር በጠቅላላ አንዴ ይጨመቃል፣ አንዴ ይላላል፤ ጆሮዎም ደረትዎም ይህንኑ ይቀበላል። እንዲያውም ጠባብ መኪና ወፍራሙን ድምፅ ይበልጥ ታጎላዋለች። ጉዳዩ የሚመጣው ከመኪናዋ ውጪ ነው። ቀጭኑን ድምፅ የኮንዶሚኒየሙ ብሎኬት ይመልሰዋል፣ ወፍራሙን ግን ማስቆም አይሆንለትም። ስለዚህ ማታ ጀሞ ግቢ ገብተው መኪናዎን ሲያቆሙ አራተኛ ፎቅ ያሉት ጋሽዬ ዘፋኙም፣ ክራሩም፣ ግጥሙም አይደርሳቸውም። ድርሻቸው ድም፣ ድም፣ ድም ብቻ ነው። ለጋስ ከሆኑ የዕለቱን ዘፈኖች ዝርዝር ደረጃው ሥር ይለጥፉላቸው፤ ቢያንስ ምን እንዳመለጣቸው ይወቁ።

ወደ ሳጥኑ እንምጣ። ሳጥኑን የሚሠራልዎ ያው የሰፈሩ የቁም ሳጥን አናጺ ነው። ሙያው የተመሰከረለት ነው፤ ችግሩ ኮመዲኖ ከማዘዝ ያለፈ ሐሳብ ይዞ የመጣ ሰው እምብዛም ስለማያጋጥመው ነው።

«በሩ በየት በኩል ይሁን ጋሼ?»

«በር የለውም።»

«መሳቢያስ?»

«መሳቢያም የለውም። ፊቱ ላይ አንድ ትልቅ ክብ ቀዳዳ ብቻ።»

እዚህ ላይ አናጺው ዝም ብሎ ያይዎታል። ምናልባትም ስለ ርግብ እርባታ ይጠይቅዎታል። አይቀየሙ። ይልቅ ከእሱ ጋር አጥብቀው መነጋገር ያለብዎት ስለ ልኩ ነው። የቁም ሳጥን አናጺ የሚለካው ከውጪ ነው፤ ቁም ሳጥን ከግድግዳ ግድግዳ መግጠም አለበትና ትክክል ነው። ሰብዉፈር ግን የሚኖረው ውስጥ ነው፤ የሚያውቀውም የውስጡን አየር ብቻ ነው። ባለ 12 ኢንቹ ለዝግ ሳጥን በአብዛኛው ወደ 30 ሊትር አየር ይፈልጋል እንበል (ትክክለኛው ቁጥር ከስፒከሩ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ አለ፤ ወረቀቱን አይጣሉት)። የውስጡ ወርድ 45፣ ቁመቱ 35፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 31.5 ሊትር ይሰጥዎታል፤ ስፒከሩ ራሱ ሁለት ሊትር ያህል ቢወስድበት እንኳ ይበቃል። እነዚህኑ ቁጥሮች አናጺው ከውጪ ለክቶ በ18 ሚሊ ሜትር ጣውላ ቢሠራቸው ግን የውስጡ አየር 21 ሊትር ከትንሽ ሆኖ ቁጭ ይላል። አንድ ሦስተኛው የት ገባ? ጣውላው በላው። ለአየር የጠበበ ሳጥን ደግሞ ዘፈኑ ምንም ይሁን ምን አንዲቷን ድምፅ ብቻ እየደጋገመ ያጓራል፤ ሐዘንም ሠርግም አይለይም። ስለዚህ «ከውስጥ» የሚለውን ቃል በወረቀት ጽፈው፣ አስምረውበት፣ ቢቻል አስፈርመው ይስጡት።

ይህ የሳጥን ስሌት እንዲሁ ከሜዳ የተነሣ እንዳይመስልዎ። ኔቪል ቲል አውስትራሊያ ውስጥ በ1961 እ.ኤ.አ. መሠረቱን ጣለ፤ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አስፋፋው። ዛሬም የስፒከር ወረቀት ላይ የሚያዩዋቸው ምስጢራዊ ፊደላትና ቁጥሮች በሁለቱ ስም ይጠራሉ። አናጺው ሲሰለቸው ይህን ይንገሩት፤ ባይጠቅመውም ዋጋ የሚያስጨምረው የለም።

ቺፑድ ልጠቀም ካሉ መብትዎ ነው። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብሎኑ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ሲታሰር ቀዳዳው ዱቄት ይሆናል፣ የክረምት ውሃ ሲነካው ደግሞ እንደ ተነፋ ዳቦ ያብጣል። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ይሻላል። መጋጠሚያው ሁሉ ኮላ ይቀባ፣ በብሎን ይታሰር፣ ከውስጥ በኩል ጥጋጥጉ በሲሊኮን ይደፈን። ሚስማር ብቻ የመታበት ሳጥን ውሎ አድሮ ያፏጫል፤ ፉጨት ከፈለጉ ዋሽንት ይቀልልዎታል። ላዩን ሞኬት ያልብሱት።

ቀዳዳ ያለው ሳጥን ይሻላል ወይስ ዝግ? የባዶ አምቦ ውሃ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፉ ዝም ብሎ አንድ ወፍራም ድምፅ ይወጣል፤ ቱቦ ያለው ሳጥንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በዚያች ድምፅ አካባቢ ብዙ ይጮኻል፤ ከእሷ በታች ሲወርድ ግን ስፒከሩን የሚይዘው አየር የለምና ሊቀደድ ይችላል። የኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ ዝግ ይሥሩ። ቦታ ይቆጥባል፣ የአናጺውንም ስህተት ይቅር ይላል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። ቀልዱን እዚህ ላይ ትንሽ ገታ ማድረግ አለብኝ፣ እሳት የሚነሣው ከዚህ ነውና። መርካቶ ውስጥ አምፕሊፋየሩ ካርቶን ላይ «1000 ዋት» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ ያገኙታል። ካርቶኑን አይመኑ፤ ፊውዙን ይዩ። ከጀርባው የተሰካችው ፊውዝ 15 አምፔር ከሆነች፣ በ14 ቮልት ቢባዛ የሚገባው ኃይል 210 ዋት ነው፤ ከዚያም ውስጥ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እውነተኛ 500 ዋት ማውጣት የሚችል አምፕሊፋየር ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ከ40 አምፔር በላይ ይስባል፤ ያንን የሚችል ወፍራም ሽቦ ከባትሪው እስከ ኮፈኑ ያስፈልጋል። ሽቦ ሲገዙ ጫፉን በምላጭ ጫር ያድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ለልብስ ማስጫ ይሁንዎ። ከባትሪው ላይ እንደ ተነሣ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ፣ ዋናው ፊውዝ ይገጠም። ይህ ፊውዝ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን አይደለም፣ ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ተልጦ ቆርቆሮ ቢነካ መኪናዋ ከመቃጠሏ በፊት እሱ ይቃጠላል። «ለጊዜው ያለ ፊውዝ ቀጥታ ላገናኘው» የሚልዎ ኤሌክትሪሺያን ካጋጠመዎ ሻይ ጋብዘው ያሰናብቱት። የኔጋቲቩን ሽቦ ደግሞ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ባዶ ብረት ላይ ያስሩት። ከቴፑ የሚመጣውን የድምፅ ገመድ ከባትሪው ሽቦ በተቃራኒ ወገን ያሳልፉት፤ አለዚያ ነዳጅ በረገጡ ቁጥር የዲናሞው ጩኸት ከዘፈኑ ጋር ያዜማል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ስለ ተከለከለ ምናልባት መኪናዎ የኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል። የ12 ቮልት ባትሪ እዚያም አለ፣ ከእሱ ይውሰዱ። ብርቱካንማ ቀለም ያለውን ገመድ ግን አይንኩት፤ እሱን የነካ ሰው ቤዝ የሚያስፈልገው አይሆንም።

ሳጥኑ ባዶ ኮፈን ላይ እንዲሁ አይቀመጥም። ስፒከሩ ሲጨመር ክብደቱ ከአንድ ጀሪካን ውሃ አይተናነስም፤ በድንገት ፍሬን ቢይዙ ወደ ሾፌሩ ይመጣል። በብሎን ወይም በጠንካራ ቀበቶ ወለሉ ላይ ይታሰር። ከሥሩ ስኮርት ጎማ እንዳለም አይርሱ። ጀርመን አደባባይ ላይ ጎማ ቢተነፍስብዎ፣ ሳጥኑን ፈትተው አስፋልት ዳር ሲያስቀምጡት የሚሰበሰበው ሰው ለሽያጭ ያወጡት ይመስለዋል፤ ጎሚስታው ከመድረሱ በፊት ሦስት ገዢ ያገኛሉ። ታርጋዋ መንቀጥቀጧም አይቀርም፤ ከጀርባዋ ቁራጭ ሞኬት ያድርጉላት።

ሕግ አለ ወይ? አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ብክለትንም ይመለከታል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ነገር ግን ለጎረቤትዎ እንዳይነግሩ እንጂ፣ የድምፅ መለኪያዎች በተለምዶ የሚጠቀሙበት ሚዛን ለሰው ጆሮ ተብሎ ወፍራሙን ድምፅ እጅግ ያቀልለዋል፤ 40 ኸርዝ ላይ ወደ 35 ዴሲቤል ይቀንስለታል። መለኪያው እምብዛም ያልሰማውን የጎረቤትዎ ብርጭቆ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ሲሰማው ያድራል። ይህ የሕግ ምክር አይደለም።

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለችውን «ጌይን» የምትባል መዘውር እስከ ዳር እንዳያዞሯት። የድምፅ መጨመሪያ አይደለችም። ቴፑን ሦስት አራተኛ ያህል ከፍ አድርገው፣ እሷን ቀስ እያሉ ያዙሯት፤ ድምፁ መቀደድ ሲጀምር ትንሽ ይመልሷት፣ ከዚያ ወዲያ ይርሷት። ለሙከራ ቤት አፍራሽ የዲጄ ቅንብር አያስፈልግም። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ የተጫወተበትን አንድ የድሮ ዘፈን ይክፈቱ። የተለመደው ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር ስትመታ 41 ኸርዝ ገደማ ናት፤ ከዚያ በታች ስለሚወርድ ሳጥን ዕዳ መግባት አያሻም። እያንዳንዱ የጣት ምት ተለይቶ ከተሰማዎት ሳጥኑ ሆኗል። ሁሉም አንድ ላይ ከተንጓጓ ግን ወደ አናጺው ይመለሱና ከየት በኩል እንደ ለካ በትሕትና ይጠይቁት።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አራተኛ ፎቅ ያሉት ጋሽዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወርደው መስኮትዎን ካንኳኩ ያጥፉት፣ ከመኪናው ይውረዱ፣ ይቅርታ ይጠይቁ። ከዚያም በሩን ከፍተው ከፊት ያስቀምጧቸውና ያንኑ ዘፈን ዝቅ አድርገው ያሰሟቸው። እስከዛሬ ከነዜማው ደርሷቸው አያውቅምና መጀመሪያ ላይ ላይለዩት ይችላሉ። እግራቸው ወለሉን መምታት ሲጀምር ምንም አይናገሩ። ቆይተው «ስንት ፈጀብህ?» ማለታቸው አይቀርም። ለባለቤትዎ የነገሯትን ዋጋ ሳይሆን እውነተኛውን ይንገሯቸው። የአናጺውንም ስልክ ይስጧቸው፤ ኮሚሽንዎን ግን ከአናጺው ጋር ለብቻ ይጨርሱ።