ሐተታ ዘዕጣ፤ ወይም የገና ቅርጫ ሥርዓትና የቆርኪ ጠባይ

የጌታችን ልደት በዘመነ ማቴዎስ፣ በዘመነ ማርቆስና በዘመነ ሉቃስ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ሆና ስለ ዋለች፣ ታኅሣሥ 28 ቀን እንደሚከበር የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አምልተውና አስፍተው አስተምረዋልና እኛ በዚያ ላይ የምንጨምረው የለንም። ነገር ግን ሕዝበ ክርስቲያኑ ይህን ቀን በምን በምን ዓይነት እንደሚውለው ከፍሎ፣ አንቀጽም ሰጥቶ የጻፈ ሰው ስላላገኘን፣ ድካሙን በራሳችን ላይ ወስደናል።

የገና አዋዋል በአራት ይከፈላል። ፊተኛው፣ ወደ ላስታ ተጉዞ፣ በላሊበላ ቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይ ከአፋፉና ከታች ከቅጽሩ ሆነው «ቤዛ ኵሉ»ን ሲቀባበሉ በነጭ ለባሹ ሕዝብ መካከል ተጣብቆ መስማት ነው፤ ይህ እጅግ የተመሰገነ ስለ ሆነ የሚተች የለውም። ሁለተኛው፣ ሜዳ ወርዶ በቆልማማ ዱላ ሩር ማባረር ነው፤ በዚያ ቀን ሎሌ የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ጌታው እንዳይቆጣ ልማድ ያዛልና፣ ጌቶች ጨዋታውን ከሩቅ ሆነው ሲያደንቁ ይታያሉ። ሦስተኛው፣ ጽድ ቆርጦ ሳሎን ውስጥ ማቆምና በረዶ ይመስል ዘንድ ጥጥ መለጠፍ ነው፤ የቀትር ፀሐይ በወጣበት ታኅሣሥ የጥጥ ጢም አጥልቆ ላቡን ለሚጠርገው የገና አባት ከማዘን በቀር አስተያየት የለንም። አራተኛው ቅርጫ መግባት ነው። ከእንግዲህ ስለ ሦስቱ አንናገርም።

ቅርጫ ማለት፣ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው፣ በሬ ገዝተው፣ አርደው፣ ሥጋውን በመደብ የሚካፈሉበት ሥርዓት ነው። አንድም፦ ከኅዳር 15 ጀምሮ ሽሮና ክክ ሲያፈራርቅ የከረመ፣ ጋዱን የጾመ፣ ሌሊቱን ቅዳሴ ሲያስቀድስ ያደረ ሰው፣ እንቅልፍ በዐይኑ ሳይዞር ቢላዋ ይዞ የሚገኝበት ጉባኤ ነው። አንድም፦ ዓመቱን ሙሉ በአጥር ወሰን ሲካሰሱ የኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዱ የቀኙን አንዱ የግራውን የበሬ እግር ይዘው፣ «ጠበቅ አድርገው እንጂ፣ ወንድሜ» እየተባባሉ የሚታረቁበት ሽምግልና ነው። ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ጾሙ ይሻራልና ጉባኤው ወደ ሌላ ቀን አይተላለፍም።

ስለ በሬው አገዛዝ ብዙ አንልም፤ በሬው ዘወትር ውድ ነው፣ የገዛውም ሰው ዘወትር በርካሽ ገዛሁ ይላል። ስለ አከፋፈሉ ግን ይህን እንበል። 16 አባል ካለ በተነጠፈው የኮባ ቅጠል ላይ 16 መደብ ይሰለፋል፤ ከሻኛው ለሁሉም፣ ከዳቢቱ ለሁሉም፣ ከሽንጡ ለሁሉም፣ ከታላቅና ታናሹም ለሁሉም እየተቈረጠ ይደለደላል፤ ምላስ እንኳ፣ በተፈጥሮው አንድ ሲሆን፣ በጥበብ 16 ይሆናል። ሚዛን አይገባም። በሚዛን ፈንታ አንድ ሽማግሌ ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው በሰልፉ ፊት ይመላለሱና፣ በከዘራቸው ጫፍ እያመለከቱ «ከዚያች ቈንጠር አድርገህ ወደዚህች» ይላሉ። ጉበት ብቻ ከዚህ ድልድል ውጭ ነው፤ ገና ትኩስ ሳለ በሥራ ላይ በነበሩት እጅ ያልቃል፤ ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ አይገኝም፣ የሁሉም አፍ ሙሉ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ እርሱም ዕጣ ነው። መደቡ ሁሉ እኩል እንደ ሆነ አባላቱ በአንድ ቃል ከመሰከሩ በኋላ፣ ማንም ማንንም ስለማያምን፣ እያንዳንዱ በእጁ ያገኘውን አንዳች ነገር ለምልክት ይሰጣል፤ ምልክቱ በባርኔጣ ይሰበሰባል፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የቆየ ልጅ ተጠርቶ፣ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ይጥላል። ሰው የምልክቱን መደብ አንሥቶ ይሄዳል።

ዕጣ በባሕርዩ ሟችና ነዋሪ ተብሎ ይከፈላል። ሟች የሚባሉት ቅጠል፣ ስንጥርና የክብሪት እንጨት ናቸው። ቅጠል ሟች መሆኑ የታወቀው በአንድ ገና ነው፤ በዚያው ግቢ ታስሮ የነበረ በግ ገመዱን በጥሶ መጥቶ ከአንደኛው መደብ ላይ ዕጣውን ብቻ ነቅሶ በላ። 15ቱ መደብ ምልክት ስለ ነበረው፣ ምልክት የሌለው 16ኛው የባለ ቅጠሉ መሆኑን ሕፃን እንኳ ሊያውቀው ይችል ነበር፤ ጉባኤው ግን በዚህ ላይ አንድ ሰዓት ተከራከረ፣ ዕጣው እንደገና ይጣል የሚለውም ወገን ሊረታ ጥቂት ቀርቶት ነበር። (ወገኑ ያነሰ መደብ የደረሳቸው ሰዎች ስብስብ እንደ ነበረ በኋላ ተረዳን።)

ነዋሪ የሚባሉት ጠጠር፣ ሳንቲም፣ ቁልፍና ቆርኪ ናቸው። ቁልፍ ስንል የበርም አለ፣ የልብስም አለ። የበሩን ቁልፍ ዕጣ አድርጎ የሰጠ ሰው፣ ዕጣው እስኪጣል ድረስ ቤቱን ከፍቶ ሳፋ ማምጣት ስላልቻለ፣ የደረሰውን ሥጋ በነጠላው ቋጥሮ ሲሄድ አይተነዋል፤ በዚያው ነጠላ ነበር ሲያስቀድስ ያደረው። የልብሱን ቁልፍ የሚሰጥ ሰው ይህ ጸሐፊ ነው፤ ኮቱም እስከ ጥምቀት ሳይቈለፍ ይሰነብታል።

ቆርኪ ግን ከዕጣዎች ሁሉ የረቀቀ ስለ ሆነ ለብቻው ይታያል። በመልኩ ከወንድሙ አይለይም፤ ሁለት ሰዎች ከአንድ ዓይነት ቢራ ቆርኪ የሰጡ እንደ ሆነ ነገር ይበላሻል። ስለዚህ ባለ ዕውቀቶች በአከፋፈቱ ይለዩታል፦ በመክፈቻ የተከፈተ ከመሐሉ ጐበጥ ይላል፤ በጠረጴዛ ጠርዝ የተከፈተ ጥርሱ ባንድ ወገን ይዘረዘራል፤ መኪና የሄደበት እንደ ሳንቲም ይለጠጣል፤ በጥርስ የተከፈተ ግን ሁለት ትናንሽ ጉድጓድ ይታይበታል። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች «በጥርስ የተከፈተው የእኔ ነው» ተባብለው፣ በሥጋው ሰልፍ ፊት አፋቸውን ከፍተው ቆሙ፤ ሽማግሌውም በዚያው ጠበብ ባለ ዐይናቸው ጉድጓዱን ከጥርሱ ጋራ አስተያዩና፣ አንደኛው የፊት ጥርሱ እንደሌለው ስላዩ፣ ለሁለተኛው ፈረዱ።

ከቆርኪ የሚወጣው ሌላው ጥያቄ መንፈሳዊ ነው፤ ይኸውም፣ ጋድ ጾሞ ያደረ ሰው ገና ጎሕ ሲቀድ ቆርኪ ከየት አገኘ የሚለው ነው። የንስሐ አባታችን ከአባላቱ አንዱ ስለ ሆኑ ይህን ሳያነሡት አይቀሩም።

«ከመንገድ ነው ያነሣሁት፣ አባ» ይላል ባለ ቆርኪው።

«ታዲያ ምነው ይሸታል፣ ልጄ?»

እርሳቸው ራሳቸው የሚሰጡት ዕጣ የታወቀ ነው፤ የጧፍ ቁራጭ ነው። ጧፍን የሚከራከረው የለም። ይህ ጸሐፊ ቅርጫ ከገባ ጀምሮ፣ ጧፏ ሻኛው ከወፈረበት መደብ በቀር በሌላ ላይ ስታርፍ አላየም፤ ይህንንም ከምሥጢር ቈጥሮ ሊያልፈው ይወዳል፤ ዕጣ የሚጥለው ልጅ ከእርሳቸው ዘንድ ፊደል የሚቈጥር መሆኑን ግን ለታሪክ ያህል ይመዘግባል። ቁልፌ በበኩሏ አጥንት ትወዳለች። ዓመት ዓመት ሳፋውን ከጓዳ ሳስገባ ባለቤቴ እጇን ወደ ውስጥ ትሰድና፣ አገላብጣ፣ «ሻኛው የታለ?» ትለኛለች፤ እኔም ቅልጥም ለጤና መልካም እንደ ሆነ አስረዳለሁ።

ስለ ሳንቲም፣ ስለ ጠጠር፣ ግማሽ መደብ ስለሚገቡ ሰዎችና በቤታቸው ስለሚጥሉት ሁለተኛ ዕጣ ልንጽፍ ያሰብነው ብዙ ነበር፤ ትተነዋል። ያለፈው ገና ሌሊት ግን ቅዳሴው ሲያልቅ ካበራሁት ጧፍ አንዲት ስንዝር ቈርጬ በኪሴ አኖርሁ። ሲነጋ ባርኔጣው ሲዞር፣ ኮቴ እንደ ተቈለፈ፣ ጧፌን ከሁሉ ቀድሜ ጣልሁበት። አባ ጧፏን አዩ፣ እኔንም አዩ፤ ከቀሚሳቸው ኪስም ቆርኪ አወጡ። ከየት እንዳገኙት የጠየቃቸው የለም። ልጁ ፊቱን ከግድግዳው መልሶ መጣና፣ ቆርኪውን ሻኛው በወፈረበት ላይ አኖረው።