የጤና ፋውንዴሽን ደጅ ጥናት

የማኅበረሰብ ጤና ፋውንዴሽን የሚባለው በአሜሪካ አንድን ከተማ፣ አውራጃ ወይም ክፍለ ግዛት ለይቶ ለዚያ አካባቢ ሕዝብ ጤና ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ነው። ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሆስፒታል ሽያጭ ነው። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ወይም የጤና መድን ድርጅት ለነጋዴ ሲተላለፍ፣ የሽያጩ ገንዘብ የሕዝብ ሀብት ነውና የማንም ኪስ ሊገባ አይችልም፤ ተቋም ቆሞለት ለበጎ ሥራ ይውላል። ኮሎራዶ ትረስት እ.ኤ.አ. በ1985 የተወለደው በዴንቨር የፕሬስቢቴሪያን ሴንት ሉክስ ሆስፒታል ድርጅት ሲሸጥ ነው። ካሊፎርኒያ ኢንዳውመንት በ1996 የመጣው የካሊፎርኒያ ብሉ ክሮስ ፊቱን ወደ ንግድ ሲያዞር ነው። የኮሎራዶ ጤና ፋውንዴሽን ደግሞ በ2011 በሆስፒታሎች ሽርክና ውስጥ የነበረውን ድርሻ በ1.45 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ ተገላገለ።

ከእነዚህ ውስጥ የግል ፋውንዴሽን ተብለው የተመዘገቡት በየዓመቱ ከሀብታቸው 5 በመቶ ያህሉን ማውጣት በሕግ ግድ ይላቸዋል። ይህ ለአመልካች ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ሰጪው የሚሰጠው አዝኖ ብቻ ሳይሆን ካልሰጠ ስለሚቀጣም ጭምር ነው። ለማን እንደሚሰጥ የሚመርጠው ግን ራሱ ነው። ደጅ ጥናቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ደጅ ከሚጠኑት መካከል በኦሮራና በዴንቨር፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲያትል ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ይገኙበታል። ብዙዎቹ ሥራቸው የእድር ሥራ ነው፤ የሞተ ይሸኛሉ፣ ሐዘንተኛ ያጽናናሉ፣ ሆስፒታል የገባ ይጠይቃሉ፣ አስከሬን አገር ቤት ለመላክ መዋጮ ይሰበስባሉ። በእንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ አንድ ቀን አንድ አባል ተነሥቶ «ግራንት እኮ ሞልቷል፣ የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው» ይላል። ይህ አባል በየማኅበሩ አለ። ገንዘቡ የት እንዳለ ያውቃል፣ ስንት እንደሆነ ያውቃል፣ የሌላ አገር ሰዎች እንዴት እንደወሰዱትም ያውቃል፤ ማመልከቻ ሲጻፍ ብቻ አይገኝም። በጭብጨባ ኮሚቴ ይመረጣል። የኮሚቴው ሥራ ሐሳብ መስጠት ሲሆን፣ የምትጽፈው አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካ ያደገች አንዲት ነርስ ወይም የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ናት፤ እሷም የምትጽፈው ከሌሊት ፈረቃ መልስ ነው።

የመጀመሪያው መሰናክል ወረቀት ነው። ፋውንዴሽኑ ማኅበሩ 501(ሲ)(3) መሆኑን፣ ማለትም በፌዴራል የግብር መሥሪያ ቤት ዘንድ ከግብር ነጻ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተብሎ መታወቁን ይጠይቃል። ለዚህ የሚሞላው ቅጽ 1023 ሲሆን ክፍያው 600 ዶላር ነው። በዓመት ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ገቢ ለሚጠብቅ ትንሽ ማኅበር አጭር ቅጽ አለው፤ እሱ 275 ዶላር ይከፈልበታል። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ በየዓመቱ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ለትንንሾቹ የተዘጋጀው 990-ኤን የሚባለው ቅጽ ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ የዘለለው ማኅበር ግን ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል፤ ማስጠንቀቂያ ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው የለም። የማኅበራት ፈቃድ የሚሰረዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በተንኮል ሳይሆን በኩርፊያ ነው። የይለፍ ቃሉ በቀድሞው ሊቀመንበር እጅ ይቀራል፣ ሊቀመንበሩም በምርጫው ተቀይመው ስልክ አያነሡም፣ ሽማግሌ ተልኮ ዕርቅ እስኪወርድ ሦስቱ ዓመት ይሞላል። በአንጻሩ የማኅበሩ ክብ ማኅተም በጥንቃቄ ተጠቅልሎ በጸሐፊው ቁም ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ፋውንዴሽኑ ማኅተም አይጠይቅም።

ፈቃድ የሌለው ማኅበር መላ አያጣም። ፈቃድ ባለው ሌላ ድርጅት ጥላ ሥር ሆኖ ማመልከት ይችላል። ባለጥላው ገንዘቡን ተቀብሎ ያስተዳድርና ለድካሙ ከመቶ 5፣ 10፣ አንዳንዴም 15 ይቆርጣል። ይህን የሰማ ጠቅላላ ጉባኤ ሁልጊዜ ይቆጣል፤ ቁጣውም ሁልጊዜ «ለምን የራሳችን ፈቃድ አይኖረንም?» በሚል ጥያቄ ያልቃል። የቀድሞው ሊቀመንበር በዚህ ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

ቀጥሎ የቦርድ አባላት ስም ዝርዝርና የጥቅም ግጭት መግለጫ ይመጣል። ቅጹ የሚፈልገው ቦርዱ የአንድ ቤተሰብ ርስት አለመሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ዝምድናንም መጀመሪያ የሚያሸትተው ከመጨረሻ ስም ነው። የሐበሻ ስም ግን እዚህ ላይ ይጫወትበታል። ተስፋዬ የሚባል አባት ያላቸው ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ሦስት ወንድማማች መስለው ይቀርባሉ፤ በአንድ ጣሪያ የሚኖሩት ባልና ሚስት፣ ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዧ፣ የመጨረሻ ስማቸው ለየቅል ነውና ባዳ መስለው ያልፋሉ። ጨዋ ማኅበር ሁለቱንም አስረድቶ ይጽፋል፤ የማይዛመዱትን አለመዛመዳቸውን፣ የሚዛመዱትንም መዛመዳቸውን። ብዙ ጊዜ ይህ ማብራሪያ ከፕሮጀክቱ መግለጫ ይረዝማል።

ማመልከቻው የሚጀምረው በአጭር የሐሳብ መግለጫ ነው። ፋውንዴሽኑ ይህን አይቶ ከወደደው ብቻ ሙሉውን እንዲልኩ ይጋብዛል። የሚሞላው በኢንተርኔት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሣጥን ፊደል ቆጥሮ ይቀበላል፤ የተፈቀደው ሲሞላ በቃ ይላል። ኮሚቴው ያዋጣው ረቂቅ ግን በሰላምታ ተጀምሮ፣ አክሱምን ሰላም ብሎ፣ ዓድዋን አልፎ፣ የማኅበሩ ምሥረታ ላይ ሲደርስ ቦታው ያልቃል። ደም ግፊት የሚለው ቃል ገና አልተነሣም። ነርሷ አክሱምን ስትሰርዝ አንድ ሽማግሌ ይከፋቸዋል። ዓድዋን ስትሰርዝ ስብሰባው ይበተናል። ማስገቢያው የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ይህ ሰዓት አምስት ተብሎ የተነገራቸው አባላት ቀደም ብለው ተደናግጠው ስለሚያስደነግጡ በከፊል ይጠቅማል።

የማመልከቻው ልብ የችግር መግለጫው ነው፤ እውነተኛው ጣጣም እዚህ ነው። አመልካቹ በአንድ ገጽ ላይ ሕዝቡ ምን ያህል እንደተጎዳ፣ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ደግሞ ማኅበሩ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ማሳየት አለበት። በጣም ከተቸገረ ገንዘብ አይታመንም፣ በጣም ከበረታ ገንዘብ አያስፈልገውም። በቁጥር ማስረዳት ሲመጣ ደግሞ ቁጥሩ የለም። ክሊኒኩ ኢትዮጵያዊውን የሚመዘግበው «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ስንቱ ስኳር እንዳለበት ለይቶ ማውጣት አይቻልም። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው የዓመታዊ ጥናት ሰንጠረዥም አማርኛን ከሶማልኛና ከሌሎች አፍሮ እስያዊ ቋንቋዎች ጋር በአንድ መስመር ያስቀምጠዋል። በ2024 የፌዴራል መንግሥት የዘርና የትውልድ አመዘጋገብ መመሪያውን ሲያሻሽል «ኢትዮጵያዊ» የሚል ዝርዝር ምርጫ ገብቷል፤ ቅጹ በየመሥሪያ ቤቱ እስኪቀየር ግን ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያው ማኅበራት የራሳቸውን መጠይቅ ያዘጋጃሉ። መጠይቁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይበተናል። «በቤትዎ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይህን መልስ በየትኛው ዓምድ እንደሚያስገቡት የሚያውቅ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የለም።

ከችግሩ ቀጥሎ ፋውንዴሽኑ ሎጂክ ሞዴል የሚባል ሠንጠረዥ ይፈልጋል፦ ግብዓት፣ ተግባር፣ ቅርብ ውጤት፣ ዘላቂ ለውጥ። የሐበሻ ማኅበራት በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ከሚያሰፍሩት ሁሉ የሚያምረው በቡና ላይ የሚሰጥ የጤና ትምህርት ነው። ሰው ለስብሰባ ሲጠሩት ይዘገያል፣ ለቡና ሲጠሩት ግን ይመጣል፣ መጥቶም ሦስተኛው እስኪጠጣ አይሄድም። ስለዚህ በአቦል ስለ ጨው፣ በቶና ስለ ስኳር፣ በበረካ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ማስተማር ይቻላል። በወረቀት ላይ እንከን የለውም። ችግሩ የሚመጣው ደም ግፊት ሲለካ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር መመሪያ እንደሚለው፣ ከመለካቱ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና አይጠጣም፤ ተለኪው ጀርባውን ደግፎ፣ እግሩን መሬት አሳርፎ፣ 5 ደቂቃ ያህል በጸጥታ ይቀመጣል፤ ሲለካም አያወራም። ቡናውን አስቀድሞ ልኬቱን ያስከተለ ማኅበር አዳራሹን ሙሉ ደም ግፊተኛ አድርጎ ሊያገኘው ይችላል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግማሹ ችግር ይወገዳል። 5 ደቂቃ ዝም ማለቱ ግን በየትኛውም ቡና ላይ እስካሁን አልተሳካም፤ ክንዳቸው ላይ መለኪያው እየተነፋ «አንቺ ልጅ የማን ልጅ ነሽ?» ብለው የሚጠይቁ እናት አይጠፉም፣ ልጅቷም ሳትመልስ ብትቀር ጋጠ ወጥ ትባላለች።

በጀቱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ብዙ ፋውንዴሽኖች ለምግብና ለመስተንግዶ መክፈል አይወዱም፤ ስለዚህ ቡናው መብራራት አለበት። ፈንዲሻ የሚለው መስመር ሲነበብ ፊልም የሚታይ ይመስላቸዋል። ከሰልና ዕጣንማ ከነአካቴው ባይጻፉ ይሻላል፤ የጤና ፋውንዴሽን ለጭስ ገንዘብ አይሰጥም፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ የተለኮሰ ከሰልም ከተሳታፊው በፊት የእሳት አደጋ መኪና ይጠራል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ይገዛል። ጀበናውን ግን ማንም አያስቀይርም።

በበጀቱ ላይ አንድ አስደሳች መስመር አለ፤ የበጎ ፈቃደኞች ጉልበት በገንዘብ ተተምኖ እንደ ማኅበሩ መዋጮ ሊቆጠር ይችላል። ኢንዲፔንደንት ሴክተር የተባለው ድርጅት የአንድ ሰዓት በጎ ፈቃድ ሥራ ብሔራዊ ዋጋን በየጊዜው ያወጣል፤ ለ2023 የሰጠው ግምት 33.49 ዶላር ነበር። ያለ ምስጋና ዘመናቸውን ወጥ ሲሠሩ የኖሩ እትዬዎች በድንገት ስማቸው አጠገብ ዶላር ይጻፋል። አንዳንዶቹ ቼኩ መቼ እንደሚመጣ ይጠይቃሉ። ቼክ እንደሌለው፣ ተሰጠ ተብሎ የሚጻፍ ብቻ መሆኑን ማስረዳት የነርሷ ሥራ ነው፤ ይህም ሰዓት ይቆጠራል።

ማመልከቻው ተወዶ ከሆነ የፋውንዴሽኑ ባለሙያ ለጉብኝት ትመጣለች። እሷ የምትመጣው በወረቀት ያነበበችውን ችግር በዓይኗ ልታይ ነው። ማኅበሩ ደግሞ እንግዳ መጣ ብሎ ይሰናዳል፤ ክትፎው፣ ዶሮው፣ የጾም በያይነቱ፣ አዲስ መጋረጃ። ነርሷ ከአንድ ቀን በፊት «ጋሼ፣ ያለብንን ችግር በግልጽ ንገሯት» ብላ ትለምናለች። በማግሥቱ ባለሙያዋ «ትልቁ ፈተናችሁ ምንድን ነው?» ስትል ሽማግሌው ነጭ ኩታቸውን አስተካክለው «ምንም አልጎደለብን፣ አንቺ ብቻ ብይልን» ይላሉ። በእንግዳ ፊት ጓዳን መዘርገፍ ነውር ነው። ባለሙያዋም ከአመልካች ስጦታ መቀበል ተከልክላለች፤ ስጦታ ሲባል ጉርሻ ይጨመር አይጨመር ግን መመሪያው አይናገርም። የመጀመሪያውን በፈገግታ ትቀበላለች። ሁለተኛው ሲመጣ ሕጉን ልትጠቅስ አፏን ትከፍታለች፣ የተከፈተ አፍ ደግሞ አይታለፍም። ብልህ ማኅበር ጎብኚዋን በመጨረሻ ወደ ማእድ ቤት ያስገባታል። እዚያ እትዬዎቹ ከጋሼ ጆሮ ርቀው፣ የመድኃኒት መመሪያ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ክኒን በግምት እንደሚውጡ፣ የትምህርት ቤት ልጅ ለአያቱ ምርመራ አስተርጓሚ ሆኖ ከትምህርት እንደሚቀር ይነግሯታል። የማመልከቻው ዕጣ የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ ድስት ሲታጠብ ነው።

ውሳኔው በኢሜይል ይመጣል። እምቢታው ሁልጊዜ ጨዋ ነው፤ በርካታ ጠንካራ ማመልከቻዎች እንደደረሱ ይናገራል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ለምን እንደወደቀ ደውሎ መጠየቅ እንደሚቻል ነው፤ ደውለው የጠየቁ ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ዙር ይሻላሉ። ከተፈቀደ ስምምነት ይፈረማል፣ ገንዘቡም ለተባለለት ሥራ ብቻ እንደሚውል ቃል ይገባል። ለጤና ትምህርት የተሰጠ ገንዘብ ለዘመን መለወጫ ዘፋኝ ማስመጫ አይሆንም፤ ይህ ጥያቄ በየጠቅላላ ጉባኤው ይነሣል።

የሚቀረው ሪፖርት ነው። የተሳታፊ ፊርማ፣ ደረሰኝ፣ ከትምህርቱ በፊትና በኋላ የተሰጠ ፈተና ይያያዛል። ፈተናው ላይ አዛውንቱ ሁሉ መቶ ከመቶ ያመጣሉ፤ ጎረቤት ሲቸገር ዝም ብሎ ማየት አልለመዱማ። የተረፈ ገንዘብ ካለ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠየቅበታል፣ ካልተፈቀደ ይመለሳል። የሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ የሚከፈተው ግን ብዙ ጊዜ የዚህኛው ሪፖርት ሳያልቅ ነው። ስለዚህ ነርሷ ኮምፒውተሯ ላይ ሁለት መስኮት ከፍታ፣ በአንደኛው ችግሩ በእጅጉ መቃለሉን፣ በሁለተኛው ችግሩ ከምንጊዜውም የከፋ መሆኑን ትጽፋለች፤ ሁለቱም የሚገቡት በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ነው።